ፌሮው ሳይሸፈን፦ በልደታ ቤት ለሚያሠሩ የግንባታ እርከን ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

በግንባታ ሥራ ላይ ጥፋት የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ በቀናት ውስጥ ይደፈናል፤ የኮለኑ ፌሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ቢያምርም፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ፍተሻው ቤቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን በየእርከኑ እንዲደረግ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው በልደታ፣ በጌጃ ሰፈር፣ በአብነት፣ በጦር ኃይሎችና በሜክሲኮ ዙሪያ በራሳቸው ይዞታ ላይ ፎቅ ለሚያቆሙ ሰዎች ነው። ልደታ ጠባብ ክፍለ ከተማ ናት፤ ቤቶቿ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በሰንጋ ተራ የባንኮቹ ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል፣ የቀድሞዎቹ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየሙ ተተክቷል፣ ከዚያ አለፍ ሲሉ ደግሞ አርባና ሃምሳ ዓመት ያስቆጠሩ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር የአንዱ ጉድጓድ የሌላው ቤት አደጋ ነው። ደግሞም የአገራችን የሕንፃ ባለሙያ ትውልድ በትውልድ የሠለጠነበት፣ በ1947 ዓ.ም. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ተቋም እዚሁ ልደታ ነው ያለው። ትምህርቱ በቅርብ ያለበት ሰፈር በጥንቃቄም ቀዳሚ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ደረጃ 1፦ ሕንፃዎ በየትኛው ምድብ እንደሆነ ይወቁ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሏል። ምድብ «ሀ» ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ሕንፃ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ነው። ምድብ «ለ» ከ7 ሜትር በላይ ርቀት ያለው ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ሆኖ ወደ «ሐ» ያልገባው ነው። ምድብ «ሐ» ሕዝብ የሚገለገልበት፣ የተቋም፣ የፋብሪካ ወይም የወርክሾፕ ሕንፃ፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማንኛውም ሕንፃ ነው። ደንቡ፣ ቁጥር 243፣ በ2003 ዓ.ም. ተከተለው። ሕጉና ቅጾቹ እየተሻሻሉ ስለሚሄዱ በሥራ ላይ ያለውን ከግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤቱ ይውሰዱ። ከጎረቤት የተዋሱት አሮጌ ቅጽ ጊዜ ያስፈጅዎታል።

ምድቡን ማወቅ የሚጠቅመው ማን መንደፍ፣ ማን መሥራትና ማን መቆጣጠር እንዳለበት የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ አስቦ ይጀምርና የሕንፃው ከፍታ 12 ሜትር ሲያልፍ ምድቡ መቀየሩን አያስተውልም።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ተቆጣጣሪዎች ለይተው ይያዙ

አንደኛው የመንግሥት ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠራው የከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን በልደታ ክፍለ ከተማም ቅርንጫፍ አለው። እንደ ሕንፃው ዓይነትና ከፍታ ጉዳይዎ በቅርንጫፉ ወይም በማዕከል ይታያል። ሁለተኛው እርስዎ የሚቀጥሩት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው።

የመንግሥቱ ባለሙያ የሚመጣው በየእርከኑ ነው፤ ዕለት ዕለት ሳይትዎ ላይ አይውልም። እርሱ የሚጠብቀው የሕዝብን ደኅንነትና የጸደቀውን ፕላን መከበር ነው። ሲሚንቶው ስንት ከረጢት እንደገባ፣ ውሃው በዝቶ እንደሆነ፣ ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን የታሰረው ስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ተሟልቶ እንደሆነ የሚከታተልልዎ የራስዎ መሐንዲስ ብቻ ነው። «መንግሥት ያየዋል» ብሎ የራስን መሐንዲስ መተው በግንባታ ላይ ከሚደረጉ ቁጠባዎች ሁሉ ጎጂው ነው ባይ ነኝ። ተቋራጩ ራሱ ያመጣልዎትን ተቆጣጣሪም አይቀበሉ። ከተቋራጩ ኪስ የሚከፈለው ሰው ተቋራጩን «አፍርስ» ሊለው ይከብደዋል።

ደረጃ 3፦ ከመቆፈር በፊት ማስጀመሪያውን ይጨርሱ

የግንባታ ፈቃድ ወረቀት ማግኘት ብቻውን ቁፋሮ ለመጀመር አይበቃም። ሥራ ሊጀምሩ መሆኑን ለጽሕፈት ቤቱ በቅጹ ያሳውቁ፣ የተሰጥዎትንም ማረጋገጫ ያስቀምጡ። ሳይቱ ላይ አንድ ዶሴ ይኑር፦ ፈቃዱ፣ ማኅተም ያረፈበት የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላን፣ የአፈር ምርመራ ውጤቱ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ቅጂና የሳይት መዝገብ። የመጣ ባለሙያ ያየውንና ያዘዘውን በመዝገቡ ላይ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ይፈርም። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ነገ ምስክር የለውም።

ለፍተሻ የመጣ ሰው መታወቂያውን እንዲያሳይ በትሕትና ይጠይቁ። በትክክል የመጣ ሰው አይቀየምም።

ደረጃ 4፦ ወሰንና ቁፋሮ

ችካሉ በቀያሽ ይመታ፤ በዓይን ግምትም ሆነ በአሮጌ አጥር አይመሩ። ከካርታው ጋር ይመሳከር፣ የመንገዱ ስፋትና ከወሰን መተው ያለበት ርቀት ይለካ። ከተማዋ መንገድ እያሰፋች ባለችበት ጊዜ በግማሽ ሜትር የተሳተ ኮለን በኋላ ፎቁን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቁፋሮው በልደታ ከሁሉ የሚያሠጋው እርከን ነው። በአዲስ አበባ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር ተንዶ ሠራተኛ ሞተ፣ የጎረቤት ቤት ፈረሰ የሚል ዜና ከከተማዋ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን እንሰማለን። ስለዚህ አንድም አካፋ ሳይነሣ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። «እማማ፣ ግድግዳዎን ፎቶ እናንሣ፣ ስንጥቅ ካለ አሁን እንየው» ማለት ያስከብራል እንጂ አያስንቅም። ፎቶው ቀን ይኑረው፤ ሁለታችሁም ቅጂ ያዙ። በኋላ ጠብ ቢነሣ የሚዳኘው እርሱ ነው።

ከዚያ ጉድጓዱን በሚመለከት ተቆጣጣሪው የሚያያቸው ነገሮች አሉ። አፈሩ በጎን ተደግፏል ወይ? የተቆፈረው አፈር ጠርዙ ላይ ተከምሮ ጎኑን እየገፋው ነው ወይ? ውሃ ገብቶ ተኝቷል ወይ? ሠራተኛ ሲወርድና ሲወጣ መሰላል አለው ወይ? ቁፋሮ በክረምት መጀመር ካለበት መደገፊያው በፕላን ይነደፍ። እኔ ግን የሚቻል ከሆነ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቁ እላለሁ።

ደረጃ 5፦ የመሠረቱ ወለል

ጉድጓዱ አለቀ ተብሎ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት መሐንዲሱ ወደ ታች ወርዶ አፈሩን ማየት አለበት። የአፈር ምርመራው በ3 ሜትር ጥልቀት ጠንካራ አፈር አለ ብሎ ከሆነ፣ በ3 ሜትር ላይ የተገኘው ጥቁር መረሬ ወይም የድሮ ቆሻሻ ሙሌት ከሆነስ? መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ቤት ይዞ ይነሣል፣ ይወርዳል። በአሮጌ መንደር ውስጥ ደግሞ የተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማግኘት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ሥራው ይቁም፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ ይጠራ፣ ለውጡ በጽሑፍ ይሰጥ። ይህ እርከን ተፈትሾ ካለፈ በኋላ ሊን ኮንክሪቱ፣ ፉቲንጉ፣ የመሠረት ኮለኑና ግሬድ ቢሙ በተራቸው ይከተላሉ። ለእያንዳንዳቸው ከመሸፈናቸው በፊት ያሳውቁ።

ደረጃ 6፦ ፌሮው፣ ከሁሉም በላይ ፌሮው

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ የሕንፃ ነፍስ ያለው እዚህ ነውና።

ለኮለንና ለሶሌታ (ለፎቁ የኮንክሪት ወለል) የታሰረ ፌሮ ሲፈተሽ ማየት ይገባዎታል። ደኅና መሐንዲስ ፕላኑን በአንድ እጁ፣ ሜትሩን በሌላው ይዞ ያጎነብሳል። መጀመሪያ ዋናዎቹን ፌሮዎች ይቆጥራል፣ ውፍረታቸውን ይለካል፤ ፕላኑ 16 ካለ 14 አይተካውም። ቀጥሎ ስታፋውን ያያል። በኮለኑ ጫፍና ጫፍ፣ ቢምና ኮለን በሚገናኙበት አካባቢ፣ ስታፋው ተጠጋግቶ እንዲታሰር ፕላኑ ያዝዛል። ፌራዮው ግን እዚያ መጠምዘዣውን ማስገባት ስለሚቸግረው አንዳንዴ አንድ ሁለቱን ይዘላል። ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ መጀመሪያ የሚሰበረው ደግሞ እዚያው ነው። መሐንዲሱ የስታፋውን ጫፍ በጣቱ ይነካዋል፦ ወደ ኮለኑ ሆድ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ገብቷል ወይስ በ90 ዲግሪ ወደ ውጭ ቆሟል? በ90 የታጠፈው በንውጥውጥታ ጊዜ ይፈታል። ቀጥሎ ፌሮ ከፌሮ የተቀጠለበትን ርዝመት ይለካል፤ ቅጥያዎቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ ተደርድረው እንደሆነም ያያል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ከታች ይመለከታል፦ ፌሮው በስፔሰር ተነሥቷል ወይስ ጣውላው ላይ ተኝቷል? ጣውላ ላይ የተኛ ፌሮ ሽፋን አያገኝም፤ ከዓመታት በኋላ ዝጎ ሶሌታውን ከሥሩ ያፈርጠዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰውን ከፎቅ አስወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ ሲተካ አዲስ አበባ ቀድሞ ከነበረችበት ከፍ ወዳለ የሥጋት ክልል ገብታለች። ንድፍዎ በየትኛው ኮድ እንደተሠራ አርክቴክቱንና የስትራክቸር መሐንዲሱን ይጠይቁ። የቆየ ንድፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ስም ብቻ የለወጠ ባለሙያ ይህን ጥያቄ አይወደውም።

ፌሮው ሲያልፍ ጣውላውና ድጋፉ ይታይ። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ገና ሲሞላ 36 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ሁሉ ተሸክመው የሚያድሩት ከሥር የቆሙት ድጋፎች ናቸው። የጠመመ ባሕር ዛፍ፣ በድንጋይ ላይ በድንጋይ የተደረበ ከፍታ መሙያ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ጣውላ የቆመ እግር ካዩ ሙሌቱን ያስቁሙ።

የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦውም ከሙሌቱ በፊት ይቀበር። ረሳን ተብሎ በኋላ ቢምን መቦርቦር አይፈቀድም።

ደረጃ 7፦ የሙሌቱ ዕለት

ለጽሕፈት ቤቱም ለመሐንዲስዎም አስቀድመው ያሳውቁ። ሚክሰርና 30 ሠራተኛ ቀጥሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «መሐንዲሱ የታለ?» ማለት ሁሉንም ወደ ችኮላ ይከትታል፤ ያኔ ማንም «ይቁም» ለማለት አይደፍርም። ፍተሻው ከሙሌቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢደረግ የጎደለውን ለማስተካከል ፋታ ይገኛል።

በዕለቱ ሁለት ነገር ላይ ዓይንዎን ይጣሉ። አንዱ ውሃ ነው። ሲ-25 ለሚባለው ኮንክሪት በሳይት የተለመደው ልክ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ልኩ ተጠብቆ ሳለ ባሬላ የሚሸከሙት ሠራተኞች እንዲቀልላቸው አንድ ጀሪካን ውሃ ይጨመርበታል፤ ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይፈስሳል። ስላምፕ ቴስቱ ይህን ወዲያው ያሳያል፤ ሾጣጣው ቆርቆሮ ተነሥቶ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለካል።

ሁለተኛው ኪዩብ ነው። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ሳጥን ከሚሞላው ኮንክሪት ላይ ናሙና ይወሰዳል፣ በየንብርብሩ ይወጋል፣ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል፣ በማግሥቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ከፊሉ በ7 ቀን፣ ከፊሉ በ28 ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ይሰበራል። ሲ-25 የተባለ ኪዩብ በ28 ቀኑ 57 ቶን ያህል ጭነት ሳይሰበር መቻል አለበት። የ7 ቀኑ ውጤት ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካልደረሰ ላይኛው ፎቅ ይቆይ። ናሙናው ሲወሰድ የእርስዎ ሰው ይኑር፤ ላቦራቶሪ የሚያደርሰውም እርሱ ይሁን። ለናሙና ብቻ ተብሎ ለብቻው የተቦካ ኮንክሪት ስለ ሶሌታዎ ምንም አይናገርም።

ከሙሌቱ ማግሥት ጀምሮ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ድጋፉ የሚነሣው መሐንዲሱ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው፤ ጣውላው ለሌላ ሳይት ስለተፈለገ አይነቀልም።

ደረጃ 8፦ በየፎቁ ይደጋገማል፤ ለውጥም ይጸድቃል

በደረጃ 6 እና 7 ያለው በየወለሉ ይመለሳል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይለምድና ፍተሻው ይላላል፤ እዚያ ላይ ይበርቱ። በመሐል ሐሳብዎ ቢለወጥ፣ ግድግዳ ቢገፋ፣ በረንዳ ቢወጣ፣ አንድ ፎቅ ቢጨመር፣ ማሻሻያው መጀመሪያ በፕላን ይጽደቅ። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ የተደረመሰው ራና ፕላዛ ያለ ፈቃድ ፎቅ ተጨምሮበት ነበር፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቶበታል። የእኛም ከተማ ለአራት ፎቅ በተነደፈ መሠረት ላይ አምስተኛ የሚያስቡ ሰዎች አያጣም።

ደረጃ 9፦ መወጣጫው

ልስንና ቀለም ሲደርስ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል፤ ሰው ከከፍታ የሚወድቀው ግን ያኔ ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ በግንባታ ላይ ባለው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ለክብረ በዓል ከመጡት ምዕመናን ከ30 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። መወጣጫ ምን ያህል ሰውና ዕቃ እንደሚችል መሐንዲስ ይወስን፣ ከሕንፃው ጋር ይታሰር፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ እንደገና ይታይ፣ ከሠራተኛ በቀር ማንም አይውጣበት። በመንገድ ዳር ከሆነ መከለያና መረብ ይኑር፤ ተማሪ ከሥሩ ያልፋል።

ደረጃ 10፦ መጨረሻው ፍተሻና የመጠቀሚያ ፈቃድ

ምድብ «ሐ» ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣለት ሰው አይገባበትም። በዚህ ጊዜ የሚታየው ሕንፃው ከጸደቀው ፕላን ጋር መግጠሙ፣ የእሳት ማጥፊያውና የአደጋ ጊዜ መውጫው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሊፍቱ፣ የፍሳሽ መስመሩ ነው። ታችኛውን ሱቅ ቀድሞ አከራይቶ ላይ መገንባት በከተማችን የተለመደ ነው። እባክዎ አያድርጉት፤ ተከራዩ የሚሸጠው ከሰው ራስ በላይ ጣውላና ብረት በሚወጣበት ሥር ነው።

ፍተሻው ጉድለት ቢያገኝ

ትእዛዙን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የትኛው ሥራ፣ በምን ምክንያት፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከል ይገለጽ። ያስተካክሉ፣ እንደገና ይጥሩ፣ መዝገቡ ላይ ያስፈርሙ። ውሳኔው አግባብ አይደለም ካሉ አዋጁ የይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቋቁሟል፤ አቤቱታዎን ለእርሱ ያቅርቡ። በእጅ መንሻ የሚያልፍ ጉድለት ግን አያልፍም፤ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። እንዲያልፍልዎ እጅ መንሻ የሚጠይቅዎትን ሰው ለበላዩ ይክሰሱት።

ቤቱን ከተቋራጩ ሲረከቡ ዶሴውን አይጣሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። በሰባተኛው ዓመት ስንጥቅ ቢወጣና ልደታ ፍርድ ቤት ቢቆሙ፣ የተፈረመው መዝገብ፣ የኪዩቡ ውጤትና የፌሮው ፎቶ ማስረጃዎ ይሆናሉ። ስለዚህ ዶሴውን ቢያንስ እስከ 10 ዓመቱ ድረስ ያቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ሙሌት የቀጠራችሁም ሚክሰሩ ሳይመጣ ለመሐንዲሳችሁና ለጽሕፈት ቤቱ ዛሬውኑ አሳውቁ።